ጠባብ መድረክ፥ ብዙ ተዋናይ፤ ስለ ዴቪድ ሮክ የአንጎል መጽሐፍ

በሥራ ብዛት ልቡናው የተበተነበት ሰው በቀድሞ ዘመን ምክር የሚለምነው ከሽማግሌ፥ ከመምህር ወይም ከንስሓ አባቱ ነበር። በዛሬው ዘመን ግን ይኸው ሰው መልሱን ከአንጎል ተመራማሪዎች ዘንድ ሲሻ ይታያል። የአንጎሉን አሠራር ያወቀ ሰው ሥራው ይቀልለታል፥ ድካሙም ይወገድለታል የሚሉ መጻሕፍት በየአገሩ ታትመው የመሸጫውን መደርደሪያ ሞልተውታል። ዕውቀትን መፈለግ የሚመሰገን እንጂ የሚነቀፍ ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ መድኃኒት በቀረበ ጊዜ ሁለት ጥያቄ መጠየቅ የአስተዋይ ሰው ፈንታ ነው። አንደኛው፥ መድኃኒቱ በእውነት ይፈውሳልን? የሚል ነው። ሁለተኛውም፥ በሽታው ያለው በበሽተኛው ሰውነት ውስጥ ነው ወይስ በሚኖርበት ቤት አየር ውስጥ? የሚል ነው። የመጀመሪያውን ጥያቄ ብዙ ሰው ይጠይቃል፤ ሁለተኛውን ግን የሚጠይቀው ጥቂት ነው።

እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ለመመርመር የሚመች አንድ መጽሐፍ አለ፤ ይኸውም በእንግሊዝኛ «ዩር ብሬይን አት ወርክ» የተባለው፥ ወደ አማርኛ ሲመለስም «አንጎልህ በሥራ ላይ» የሚል ትርጓሜ ያለው ነው። መጽሐፉ የታተመው በ2009 ሲሆን፥ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። ደራሲው ዴቪድ ሮክ የሥራ አለቆችንና ድርጅቶችን በማማከር የታወቀ ሰው ነው፤ ስለ አንጎል የተገኘውን ዕውቀት ከአመራር ጋራ የሚያገናኘው «ኒውሮሊደርሺፕ» የተባለው ስያሜም የተስፋፋው በእርሱ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ግን ከራሱ አሳብ ብቻ አይናገርም፤ ብዙ ተመራማሪዎችን ጠይቆ የነገሩትን ሁሉ፥ ትምህርቱ የሌለው ሠራተኛ ሊያስተውለው በሚችል ቋንቋ አቅልሎ አቅርቦታል።

የመጽሐፉ አቀነባበር እንደ ቴአትር ነው። አራት ገቢር አለው፤ እያንዳንዱም ገቢር በትዕይንት የተከፈለ ነው። ባለታሪኮቹ ኤሚሊና ፖል የተባሉ ሁለት ልጆች ያሏቸው ባልና ሚስት ናቸው። ኤሚሊ ትልልቅ ጉባኤዎችን በሚያሰናዳ ድርጅት ውስጥ አዲስ ሹመት ያገኘች ሴት ናት፤ ፖል ደግሞ በቤቱ ሆኖ የራሱን አነስተኛ የምክር ሥራ ይመራል። ኤሚሊ ገና በማለዳ የኢሜይል ደብዳቤ ብዛት ያስጨንቃታል፤ ፖልም የሥራውን ዋጋ ለመተመን ተቀምጦ አሳቡ አልሰበሰብ ይለዋል። ደራሲው እያንዳንዱን ትዕይንት ሁለት ጊዜ ያሳያል፤ በመጀመሪያው ባለታሪኩ የአንጎሉን ጠባይ ባለማወቅ ሲሳሳት ይታያል፤ በሁለተኛው ደግሞ ያንኑ ጉዳይ ዐውቆ በማስተዋል ሲፈጽመው ይታያል።

ይህ አቀራረብ ከመጽሐፉ መልካም ነገሮች ሁሉ የበለጠው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ደቀ መዝሙር ንባቡን በሳተ ጊዜ መምህሩ ስሕተቱንና ቅኑን ንባብ አከታትሎ ቢያሰማው ልዩነቱ በጆሮው እንደሚቀር፥ እንዲሁ አንባቢው የኤሚሊን ጥፋትና መታረም ጎን ለጎን ሲያይ ምክሩ ከልቡ ይገባል። ምክርን በደረቁ የሚደረድሩ መጻሕፍት ብዙ ናቸው፤ ምክሩን በሰው ኑሮ ውስጥ አስገብተው የሚያሳዩ ግን ጥቂቶች ናቸው።

የመጽሐፉ ዋና ምሳሌ መድረክ ነው። ደራሲው እንደሚለው፥ ከግንባር በስተ ኋላ ያለው «ፕሪፍሮንታል ኮርቴክስ» የተባለው የአንጎል ክፍል እንደ ጠባብ የቴአትር መድረክ ነው። ሰው በአንድ ጊዜ የሚያስበው አሳብ ሁሉ በመድረኩ ላይ እንደ ቆመ ተዋናይ ነው፤ ሰው ራሱን ከውጭ ሆኖ የሚመለከትበት ኀይል ደግሞ ተዋንያኑን እንደሚያዝ የትርኢት አዘጋጅ ነው። መድረኩ ጠባብ ስለ ሆነ ብዙ ተዋናይ በወጣበት ጊዜ እርስ በርሱ ይጋፋል፤ ትርኢቱም ይበላሻል።

ይህ ምሳሌ መሠረት የሌለው አይደለም። ጆርጅ ሚለር የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ በ1956 ባወጣው የታወቀ ጽሑፍ፥ ሰው ለጊዜው በልቡ ሊይዘው የሚችለው ነገር ሰባት ያህል መሆኑን ገልጦ ነበር። ከእርሱም በኋላ ኔልሰን ካወን በ2001 ነገሩን በጥልቅ መርምሮ፥ ትክክለኛው ቍጥር ወደ አራት የቀረበ እንደ ሆነ አስረዳ። ሃሮልድ ፓሽለር የተባለው ተመራማሪም፥ ፍርድ የሚጠይቁ ሁለት ሥራዎች በአንድነት በቀረቡ ጊዜ፥ ሰውየው አብሮ የሠራቸው ቢመስለውም እንኳ አንደኛው ሌላው እስኪያልፍ ድረስ ቆሞ እንደሚጠብቅ በመለካት አሳይቷል። የአገራችን ሰው ይህን ሳይለካ ያውቀው ነበር፤ «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» የሚለው ተረት ከዚህ የተለየ ምን ይናገራል? ነገር ግን ተረቱ የሚነግረን እንደማይቻል ነው፤ ምርመራው የጨመረው ግን ምን ያህል እንደማይቻልና ስለ ምን እንደማይቻል ነው፤ ይህም ትንሽ ጭማሪ አይደለም።

ከዚህ መሠረት ላይ ተነሥቶ ደራሲው የሚሰጠው ምክር በብዙው ጤናማ ነው። ከባዱን ፍርድ ልቡና ባልደከመበት ሰዓት መስጠት ይገባል፤ የሥራዎቹን ቅደም ተከተል መወሰን ራሱ ከባድ ሥራ ስለ ሆነ ደብዳቤ ከመክፈት በፊት ይደረግ። በልብ የሚዞረውን ነገር በወረቀት ላይ ማስፈር መድረኩን ባዶ ያደርገዋል። ብዛት ያለው ነገር በጥቂት ክፍል ቢጠቃለል ለማሰብ ይቀልላል። የስልክና የመልእክት ድምፅ ሥራውን ከመጀመር አስቀድሞ ይዘጋ፤ ፈተና ከገባ በኋላ ከመከልከል ሳይገባ መከልከል ይሻላልና። በድንጋጤና በቍጣ ጊዜም ሰው የተሰማውን ስሜት በአጭር ቃል ስም ቢያወጣለት ይበርድለታል። ለዚህ የመጨረሻው ምክር ማቲው ሊበርማንና ባልደረቦቹ በ2007 ያወጡት ምርመራ ድጋፍ ሰጥቶታል፤ በእርሱም የተቈጣ ወይም የፈራ ሰው ፊት ሥዕል ያዩ ሰዎች ለስሜቱ ስም ባወጡለት ጊዜ፥ አደጋን በመለየት የታወቀው «አሚግዳላ» የተባለው የአንጎል ክፍል እንቅስቃሴው ሲቀንስ ታይቷል።

እስከዚህ ድረስ መጽሐፉ ምስጋና ይገባዋል። ነቀፌታው የሚጀምረው ምሳሌው ከምሳሌነት አልፎ እንደ ማስረጃ በተቈጠረበት ስፍራ ነው።

አንደኛው ነቀፌታ የነዳጅ ነገር ነው። መጽሐፉ ማሰብን እንደ መብራት ብዙ ነዳጅ የሚፈጅ፥ በተፈጀም ጊዜ የሚያልቅ አድርጎ ያቀርበዋል። አንጎል ክብደቱ ከሰውነት ከመቶ 2 እጅ ያህል ሲሆን፥ በዕረፍት ጊዜ ሰውነት ከሚፈጀው ኀይል ከመቶ 20 እጅ ያህሉን እንደሚወስድ የታወቀ ነው። ነገር ግን ይህን የሚወስደው ሰው ቢያስብም ባያስብም ነው፤ በብርቱ ማሰብ የሚጨምረው ፍጆታ በጣም ጥቂት ነው። ይህም ሁሉ ሆኖ የመጠራቀሚያው አሳብ በዚያ ዘመን ኀይለኛ ነበር። ሮይ ባውማይስተርና ባልደረቦቹ በ1998 ባወጡት ምርመራ፥ ከፊታቸው የቀረበውን ቸኮላት ትተው ራዲሽ የተባለውን የአትክልት ሥር እንዲበሉ የታዘዙ ሰዎች፥ በኋላ የማይፈታ እንቈቅልሽ ሲሰጣቸው ከሌሎቹ ቀድመው ተስፋ ቈረጡ፤ ስለዚህም ራስን መግዛት እንደ ስንቅ የሚያልቅ ነገር ነው ተባለ። በ2016 ግን 23 ቤተ ሙከራዎች ተባብረው ከ2,000 በሚበልጡ ሰዎች ላይ ነገሩን በሌላ ሥራ ቢፈትኑት፥ የተገኘው ውጤት ከምንም የማይሻል ሆነ። ሰው መድከሙ እውነት ነው፤ የድካሙ ምክንያት ግን እንደ ፋኖስ ነዳጅ ቀላል አይደለም። በ2009 የተጻፈ መጽሐፍ የ2016ን ነገር አላወቀም ተብሎ አይወቀስም፤ የዛሬው አንባቢ ግን ይህን ሳያውቅ ሊያነበው አይገባም።

ሁለተኛው ነቀፌታ የማኅተም ነገር ነው። መጽሐፉ መልካም ምክር በሰጠ ጊዜ ሁሉ ከአጠገቡ የአንጎል ክፍል ስም ያኖራል፤ ስሙም ምክሩን እንደ ንጉሥ ማኅተም ያስከብረዋል። ዲና ዋይስበርግና ባልደረቦቿ በ2008 ይህን ጠባይ ራሱን መርምረውታል። ስለ ሰው ጠባይ የተሰጡ ትክክለኛና ብላሽ ማብራሪያዎችን ለሰዎች አቀረቡ፤ በአንዳንዱም ላይ ለነገሩ ምንም የማይጠቅም የአንጎል ወሬ ጨመሩበት። ትምህርቱ የሌላቸው ሰዎች፥ የአንጎልን ትምህርት የጀመሩ ተማሪዎችም ጭምር፥ ብላሹ ማብራሪያ የአንጎል ወሬ በተጨመረበት ጊዜ የተሻለ መስሎ ታያቸው፤ ያልተታለሉት ሊቃውንቱ ብቻ ነበሩ። እንግዲህ የአንጎል ስም በተጠራበት ስፍራ ሁሉ አንባቢው፥ ስሙ ቢወጣ ምክሩ ምን ይጐድለዋል? ብሎ ቢጠይቅ ይጠቀማል።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆን አንድ ነገር አለ። በ2003 ናኦሚ አይዘንበርገርና ባልደረቦቿ ሰዎችን በኮምፒዩተር የኳስ ጨዋታ አጫወቱ፤ ከጨዋታውም ባስወጧቸው ጊዜ፥ በሥጋ ሕመም ጊዜ የሚነቃው የአንጎል ክፍል ሲነቃ አዩ። ከዚህም የተነሣ፥ በመጽሐፉም እንደ ተነገረው፥ የመናቅ ሕመም ከቍስል ሕመም ጋራ አንድ ነው የሚል ወሬ በዓለም ተስፋፋ። ነገር ግን ያ የአንጎል ክፍል በሌላም ብዙ ነገር የሚነቃ ነው፤ በ2014 የወጣ ሌላ ምርመራም ሁለቱ ሕመሞች በአንጎል ውስጥ የየራሳቸው ልዩ ምልክት እንዳላቸው አሳይቷል። የተናቀ ሰው ግን መታመሙን ለማወቅ የአንጎል ሥዕል ማን አስፈለገው? በማኅበር ፊት የተዋረደ ሰው ያውቀዋል፤ ያዋረደውም ሰው ያውቀዋል።

ከእነዚህ ምክሮች ብዙዎቹ ከመሣሪያው በፊት የነበሩ መሆናቸውንም ማስተዋል ይገባል። ዊልያም ጄምስ በ1890 ባሳተመው ታላቅ የሥነ ልቡና መጽሐፍ ስለ ማስተዋልና ስለ ልማድ ሲጽፍ፥ ያለ አንጎል ሥዕል ከዚህ ያላነሰ ተናግሯል። ከእርሱም በፊት፥ በአራተኛው መቶ ዓመት በግብፅ በረሓ ይኖር የነበረው መነኵሴ ኤዋግሪዎስ፥ በመነኮሳት ላይ የሚነሡትን አሳቦች ስምንት አድርጎ በየስማቸው ለይቶ ነበር፤ መነኵሴውም የትኛው አሳብ በየትኛው ሰዓት እንደሚመጣ፥ የትኛውም የትኛውን እንደሚከተል ነቅቶ እንዲጠብቅ ይመክር ነበር። ለስሜት ስም ማውጣት፥ ራስንም እንደ ተመልካች ማየት ማለት ይህ አይደለምን? ይህን ማለት አዲሱን ለመናቅ አይደለም፤ ምክሩ የሚጸናው በማኅተሙ ሳይሆን በብዙ ሰው ኑሮ ተፈትኖ በመገኘቱ መሆኑን ለማሳየት ነው።

ሦስተኛውና ዋናው ነቀፌታ ግን ከዚህ ሁሉ የጠለቀ ነው። ኤሚሊ በሁለተኛው ትዕይንት ተመልሳ ስትመጣ የተለወጠችው እርስዋ ናት፤ የሚመጣባት የደብዳቤ ጐርፍ ግን አልተለወጠም፤ የተጫነባት ሥራም አልቀነሰም። ደራሲው መድረኩ ጠባብ መሆኑን ገጽ በገጽ ያስተምራል፤ ያን ሁሉ ተዋናይ ወደ ጠባቡ መድረክ የላከው ማን ነው? ብሎ ግን በሚገባ አይጠይቅም። ሰው በአንድ ጊዜ ከአራት ነገር በላይ መያዝ እንደማይችል ከታወቀ፥ ከዚህ ዕውቀት የሚወጣው የመጀመሪያው ትምህርት ለተሸካሚው ነው ወይስ ለጫኙ? አህያ ከጭነት በታች በወደቀች ጊዜ ስለ አካሄዷ ምክር የሚሰጣት ባለቤት አስተዋይ አይባልም።

ይህ ነገር በምርመራም የታየ ነው። ግሎሪያ ማርክና ባልደረቦቿ በ2008 እንዳሳዩት፥ በሥራቸው መካከል እየተቋረጡ የሠሩ ሰዎች ሥራቸውን ካልተቋረጡት ባነሰ ጊዜ ፈጸሙ፤ የሥራውም ጥራት አልተለየም፤ ነገር ግን ጭንቀታቸውና ምሬታቸው በዝቶ ተገኘ። እንግዲህ አለቃው በመዝገቡ የሚያየው ሥራው በጊዜ መድረሱን ነው፤ የተከፈለው ዋጋ ግን በሠራተኛው ነፍስ ውስጥ ስለ ተጻፈ በመዝገብ አይገኝም። ሮበርት ካራሴክም በ1979 እንዳስረዳው፥ ሰውን ከሁሉ ይልቅ የሚጐዳው የሥራ ብዛት ብቻ ሳይሆን፥ ብዙ ሥራ ተጭኖበት በሥራው ላይ የማዘዝ ሥልጣን ሲያጣ ነው። በእንግሊዝ አገር የመንግሥት ሠራተኞች ላይ ለብዙ ዓመታት የተደረገው ምርመራ ከዚህ ጋራ ይስማማል፤ በ1997 እንደ ተገለጠው፥ በሥራቸው ላይ ሥልጣን ያነሳቸው ሰዎች በልብ ሕመም አብዝተው ይያዙ ነበር። የዓለም የጤና ድርጅትም በ2019፥ በሥራ ምክንያት ተቃጥሎ ማለቅን «በርንአውት» ብሎ ሲመዘግብ፥ ከሥራ ቦታ የሚመጣ ነገር መሆኑን እንጂ የሠራተኛው በሽታ መሆኑን አልተናገረም።

ለደራሲው መከራከር የሚሻ ሰው የሚለው አይጠፋም። ኤሚሊ የመሥሪያ ቤትዋን ሥርዓት በአንድ ማለዳ ልትለውጥ አትችልም፤ ልትለውጥ የምትችለው ራስዋን ነው፤ ስለዚህ በእጅዋ ያለውን ነገር ማስተማር ይሻላል ይል ይሆናል። ደግሞም የመጽሐፉ የመጨረሻ ገቢር ሌሎችን ስለ መለወጥ የሚናገር ነው፤ ደራሲው ሰውን ከሚያስደስቱና ከሚያስፈሩ አምስት ነገሮች መካከልም ክብርን፥ እርግጠኝነትን፥ ቅርበትንና ፍትሕን ሲቈጥር በራስ ማዘዝንም ቈጥሯል። ይህ መልስ ክብደት አለው፤ በሸክም የጐበጠ ሰው አዋጅ እስኪወጣ ድረስ ሳይተነፍስ ይቈይ ማለት ጭካኔ ነውና። ነገር ግን መጽሐፉ በራስ ማዘዝን በአብዛኛው የሚያየው እንደ ስሜት ነው፤ ሰው ምርጫ እንዳለው ሆኖ እንዲሰማው ማድረግን ያስተምራል። ምርጫ እንዳለ መስሎ መታየትና ምርጫ መኖር ግን አንድ አይደሉም። በእስር ያለ ሰው ግድግዳውን ለምዶ ቢጽናና መልካም ነው፤ በሩ ተከፈተለት ግን አይባልም።

የሸክምን ነገር ከሰው ልቡና ላይ አንሥቶ በሥርዓት ላይ ያኖረ የጥንት ምሳሌም አለ። በአራተኛው መቶ ዓመት በግብፅ የማኅበር ገዳማትን የመሠረተው የአባ ጳኵሚስ ሥርዓት በግዕዝም ተተርጕሞ ስለሚገኝ ለካህናት እንግዳ አይደለም። በዚያ ሥርዓት እያንዳንዱ እንደ ኀይሉ እንዲበላ፥ ሥራውም በኀይሉ መጠን እንዲታዘዝለት፥ ለብርቱው የበረታ ለደካማውም የቀለለ ሥራ እንዲሰጥ ተወስኗል። የጸሎትና የማዕድ ጊዜም ለማኅበሩ ሁሉ በአንድነት ስለ ተወሰነ፥ ምን ላስቀድም? እያለ እያንዳንዱ መነኵሴ በየሰዓቱ ከራሱ ጋራ እንዲታገል አልተፈረደበትም። አባቶች ስለ አሳብ ጥበቃ ማስተማራቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን ደካማው ልቡና ብቻውን እንዲቆም አልተዉትም፤ ሥርዓት ሠርተው ደገፉት። በዛሬውም ዓለም ይህን መንገድ የጀመሩ አሉ፤ ፈረንሳይ በ2016 ባወጣችውና ከ2017 መጀመሪያ ጀምሮ በጸናው ሕግ፥ ከ50 ሰው ያላነሰ ሠራተኛ ያላቸው ድርጅቶች፥ ሠራተኛው ከሥራ ሰዓት ውጭ ከመልእክት የሚለይበትን መብት ከሠራተኞቹ ጋራ እንዲነጋገሩበት አዝዛለች። ሕጉ ብቻውን ሁሉን አያቃናም፤ ጥያቄውን ግን ለትክክለኛው ባለዕዳ አቅርቦታል።

እንግዲህ የዴቪድ ሮክ መጽሐፍ ማን እንዲያነበው ይገባል? በጽሕፈት ጠረጴዛው ላይ አሳቡ የሚበተንበት ሰው ቢያነበው ይጠቀማል፤ ማለዳውን ለከባዱ ሥራ መጠበቅን፥ አንዱን ሳይፈጽሙ ሌላውን አለመጀመርን፥ ቍጣን በስሙ መጥራትን ይማርበታል። የአንጎል ክፍሎችን ስም ቢዘነጋ ግን ብዙ አይጐዳም። ከእርሱ ይልቅ ግን መጽሐፉን በዝግታ ሊያነበው የሚገባው አለቃው ነው፤ የመሥሪያ ቤት ሹም፥ የትምህርት ቤት ኀላፊ፥ የደብር አስተዳዳሪም ቢሆን። እርሱ በሚያነብበት ጊዜ ራሱን በኤሚሊ ስፍራ ከማኖር ይልቅ ወደ ኤሚሊ ደብዳቤውን በሚልከው ሰው ስፍራ ቢያኖር፥ ደራሲው ያልጻፈውን ሦስተኛ ትዕይንት ያገኛል። በዚያ ትዕይንት የኤሚሊ አንጎል እንደ ነበረ ነው፤ ከደብዳቤዎቹ ግን እኩሌታዎቹ አልተላኩም።